ቆሞ የቀረው ችካል

በጡረታ የተሰናበትሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት አስያዙኝ፤ ከዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ተነሥቶ፣ «ሲስተር፣ በሥራ ዘመንዎ ሁሉ መልስ ያጡለት ጥያቄ አለ?» አለኝ። ለጨዋታ ነው። ወረታ ላይ በጠያቂነቴ የማያውቀኝ የለም። ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ ቢመጣ ምን በልቶ እንዳደረ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ሳልጠይቅ አልለቀውም። «ሲስተር ነርስ የሆኑት መርማሪ ፖሊስነቱ ቢያመልጣቸው ነው» እያሉ ሲያሙኝ ኖረዋል። እኔም ቀልድ ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳላስበው ሌላ ነገር ወጣኝ። «አለ» አልሁት። «የማዶ ሰዎች የቃሬዛ ማኅበር አሁንም እሑድ እሑድ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ቢስቅም አይፈረድበትም። ዛሬ ማዶ ድረስ ባይሆንም እስከ መንገዱ እኩሌታ ጠጠር ፈስሷል። ስልክ ይደወላል፣ አምቡላንስ ይመጣል። ሁለት ክረምት ሙሉ በቃሬዛ የተወሰደ ሰው እንደሌለ ከዚያው ከሚመጡ ታካሚዎች ሰምቻለሁ። ማኅበሩ ግን አንድም እሑድ አልታጎለም ይሉኛል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «እንጃ፣ ዘርፌ ናት» ብለው ያልፉታል። የዘርፌን ስም ስሰማ ደግሞ እኔው ጠያቂዋ ወዲያው ወሬ እቀይራለሁ። ለምን እንደምቀይር ነው እዚህ የምጽፈው።

የተወለድሁት አንበሳሜ ነው። እዚያ ዝናብ ቢዘንብ ውሃው መንገዱን ይዞ ይወርዳል። የመጀመሪያ ምድቤ ግን ቁሐር ሚካኤል፣ አስፋልቱ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ሆነ፤ ፎገራም ሌላ አገር ሆኖ ቆየኝ። ሐምሌ ሲጋመስ ውሃው እንግዳ መስሎ ይመጣና እስከ መስከረም ባለቤት ሆኖ ይከርማል። ሩዙ ደስ ይለዋል። ሰው ግን ከቤቱ አስፋልት ለመድረስ ዋልካውንና ማጡን እየመረጠ መራመድ አለበት። ከክሊኒኩ ወደ ሐይቁ በኩል፣ በበጋ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ርቃ አንዲት ጎጥ አለች፤ እኛ ማዶ ነው የምንላት። የማዶ ሰው ክረምት ላይ ከታመመ በቃሬዛ ተይዞ ነው አስፋልት የሚደርሰው። ደመወዜን ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁና እንለፈው።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት ከማዶ አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ ሽማግሌው ግን ተኝተዋል። ደንግጬ የልብ ምታቸውን ያዝሁ። ደኅና ነው። እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሯል። በዚያ ሁሉ ማጥ ላይ በአራት ሰው ትከሻ የሚመጣ ታማሚ እንዴት ይተኛል? ተሸካሚዎቹን ብጠይቃቸው እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ከመካከላቸው ታደገ የሚባለው፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ጎልማሳ፣ «እሑድ ይምጡና የኔታን ይጠይቁ» አለኝ። ሄድሁ። እንደ ሄድሁ ቀረሁ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ እዚያ በቆየሁበት ዘመን እሑዴ የእነርሱ ሆነ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ የኔታ ልሣኑ ነበሩ። በደብሩ ዲያቆናት የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ጥያቄዬን ስነግራቸው ሳይቸኩሉ አዳመጡኝ።

«ታማሚው የተኛው ቃሬዛው ስላልተወዛወዘ ነው» አሉኝ።

«ለምን አልተወዛወዘም፣ የኔታ?»

«እግራቸው ስላልገጠመ።»

ሁለት ሰው አስነሥተው አሳዩኝ። የፊተኛው በግራ እግሩ ሲነሣ የኋለኛው በቀኙ ይነሣል። እኩል ከረገጡ ቃሬዛው እንደ ታንኳ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሳይገጣጠሙ ከሄዱ ግን የአንዱን ግፊት ሌላው ይውጠዋል። ይህን ከየት አገኙት ብላቸው ሳቅ አሉና፣ «ከሚያቃስት ሰው» አሉኝ። ያን ቀን ማታ ከረዳቴ ጋር የክሊኒኩን ወንበር ተሸክመን ክፍሉን ዞርነው። እውነታቸውን ነው።

የእሑዱ ነገር እንዲህ ነው። ቅዳሴ ሲያበቃ አሥራ ሁለቱ አባላት ከቅጥሩ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ይቀመጣሉ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ጠላው አንድ ዙር ሳይሞላ ቃሬዛው ከተሰቀለበት ይወርድና ጠፍሩ እየተጎተተ ይፈተሻል፤ የደረቀ ካለ ሞራ ይቀባል። ቀጥሎ ትከሻ መለካት አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እርሱን ነበር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በትር በትከሻቸው ላይ ይጋደምና በትሩ ላይ ሎሚ ይቀመጣል። ሎሚው ከተንከባለለ አብረው አይሸከሙም። እርጅና የጀመራቸው ሰዎች ሎሚው ወደ እነርሱ ሲንከባለል በአንገታቸው ሊያቃኑት ይሞክራሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ሌላ ነው። «አያ ካሴ፣ ጫማ አድርገው ይምጡ እንጂ» ይሏቸዋል። እሳቸውም በትሩን ጥለው ይሳደባሉ።

ክረምት ላይ ግን ዋናው ሥራ ችካል ነው። ከማዶ እስከ አስፋልት ውሃው የሸፈነውን ጠንካራ መሬት ተከትሎ በየሃያ ሠላሳ እርምጃው የባሕር ዛፍ ችካል ይተከላል። ተሸካሚ ችካሉን አይቶ ነው የሚረግጠው። ውሃው ደግሞ በየሳምንቱ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ትናንት ጠንካራ የነበረው ዛሬ ማጥ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ በየእሑዱ አባላቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱበታል። ቅዳሴ የሰሙ ሰዎች ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማየት መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ኋላ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ።

የኔታ ከፊት ናቸው። ከመነሣታቸው በፊት ግን ላሞቹን ያያሉ። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ናትና ጭቃው ነጩ እግሯ ላይ የት ድረስ እንደደረሰ ከሩቅ ይታያል። «ይህች በየት መጣች?» ይላሉ ባለቤቷን። ጭቃው ከቁርጭምጭሚት ካላለፈ በዚያ በኩል መሬቱ ይዟል ማለት ነው። መልሱን ከሰሙ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሰው ይደግሙታል፤ ከዚያም ለሦስተኛ። ሦስቱ ካልገጠሙ ራሳቸው ገብተው በከዘራቸው ይወጋሉ። ሰው ሳያውቅ እንደሚዋሽ ከእርሳቸው ነው የተማርሁት። ታማሚን አንድ ጥያቄ በሦስት መንገድ የመጠየቅ አመሌም ከዚያ የመጣ ነው።

እያንዳንዱ ችካል ጋ ሲደርሱ ይይዙና ሦስት ጊዜ ይነቀንቁታል። ከኋላቸው ያለው ሁሉ እየተራ ይነቀንቃል። ከላላ ሥሩ ማጥ ሆኗል ማለት ነው፤ የኔታ ይነቅሉና እዚያው በሣሩ ወይም በውሃው ላይ ያጋድሙታል። ሰንበት ነውና እሑድ መሬት አይመታም፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ተረኞች መዶሻ ይዘው መጥተው በጠንካራው ቦታ ይተክሉታል። የተጋደመውን ባየሁ ቁጥር የኔታ ዕቃ እንዲዝረከረክ የማይወዱ ሰው ስለሆኑ ነው ብዬ አስብ ነበር። ሎሚውን ጠይቄያለሁ፣ እግሩን ጠይቄያለሁ፣ የሞራውን ዓይነት ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ይህን ግን አልጠየቅሁም።

አንድ ጊዜ አለቃዬ ለጉብኝት መጥቶ ማኅበሩን አየና ደስ አለው። መተዳደሪያ ደንብ ይኑራችሁ፣ ማኅተም ይቀረጽላችሁ፣ በየወሩ ሪፖርት ይላክ አለ። የኔታ በትህትና አዳምጠው፣ «ማኅተሙን የምናሳርፍበት ደረቅ ቦታ ካገኘን እሺ» አሉት። ሰውየው ጫማውን አየ፤ ከዚያ በኋላ አላነሣውም።

በሦስተኛው ክረምቴ ዘርፌ ወደ ክሊኒኩ መጣች። የታደገ ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የተቃረበች፣ ፈርታ የማትናገር ልጅ እግር ሴት። አየኋት። ጽንሱ በትክክል አልዞረም። «ምጥ ሲጀምርሽ አንድ ሰዓት አትቆዪ፤ ወረታ እንወስድሻለን» አልኋት።

«መንገዱስ?» አለችኝ።

«መንገዱን ለእኛ ተዪው።»

እንዲህ ነው ያልኋት። በየእሑዱ ስለምነቀንቅ መንገዱ የእኔም መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የኔታ ወባ ጣላቸው። ቅዳሜ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ፈሰሰ፤ እሑድ ያለ እርሳቸው ወጣን። አስፋልቱ ሊቃረብ ሰባት ችካል ሲቀር አንዱን ብነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ እሺ አለኝ። ከእኔ በፊት ታደገ ነቅንቆታል። ከእርሱም በፊት ሌሎቹ። «ላልቷል» አለ አንዱ። «ነገ ነዋ» አለ ሌላው። ሰኞ ተረኞቹ ማለዳ ወጥተው ሊያዛውሩት ተስማሙና አለፉ። ሦስት ክረምት ሙሉ የኔታን ከኋላ የተከተልሁ እኔ፣ ነቅለው ሲያጋድሙት መቶ ጊዜ ያየሁ እኔ፣ እጄ ችካሉ ላይ እያለ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ተሰምቶኛል። ግን አገሩ የእነርሱ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ ደግሞም ሴት ነኝ ብዬ ዝም አልሁ። ሰበቡ ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ወደ ሐሙሲት የተዛወርሁበትን ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ለመቀበል ወረታ ማደር ነበረብኝ፤ ደመናው ጠቁሯል፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ችካሉን ቆሞ ተውሁት።

ሰኞ ደብዳቤዬን ይዤ ስመለስ ረዳቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ዘርፌን ምጥ ይዟት አድሯል፣ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ከማዶ ተነሥተዋል አለኝ። አንድ የጭነት መኪና አስቁሜ ሹፌሩን ለመንሁት፤ እሺ ብሎ ጠበቀ። አስፋልቱ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው በሙሉ ውሃ ነው፤ ችካል ለችካል እየመጡ ነው። አሁን አሥር ቀራቸው፣ አሁን ስምንት እያልሁ እቆጥራለሁ። ከዚያ የፊቶቹ ሁለቱ አጠሩ።

እስከ ወገባቸው ነው የሰጠሙት። ከፊት የነበረው ታደገ ነው። ተረኞቹ በምጧ ምክንያት ሌሊቱን ከታደገ ቤት አልተለዩም ነበርና ማለዳ ማንም አልወጣም። ከታደገ ጎን የያዘው፣ ከሌላ ጎጥ ተጠርቶ የመጣው ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ለእርሱ ሰኞ ቆሞ የተገኘ ችካል ተፈትሾ የተተከለ ነው። ታደገም ቢሆን በዚያ ጭንቅ ስንተኛው ችካል እንደነበር አላስታወሰም። ቃሬዛውን በእጃቸው ወደ ላይ ዘርግተው ያዙት። ከኋላ ያሉት መራመድ አልቻሉም፤ ተከታዮቹ ዘለው ገቡና በራሳቸው ላይ ተሸከሙት። ከአስፋልቱ ሰው ገመድና ሳንቃ ይዞ ሮጠ፤ እኔም ገባሁ። ዘርፌን አንድ ጠብታ ውሃ አልነካትም። ስደርስ የቃሬዛውን እንጨት ጨብጣ ሰማይ ሰማይ እያየች ነው። «ደረስን?» አለችኝ። ሰዓቴን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስንት እንደነበር ግን አንዱንም አላስታውስም።

ዘርፌ ተረፈች። ልጇ፣ ሴት ነበረች፣ አልተረፈችም። የወረታውን ሐኪም ጥያቄዬን በሦስት መንገድ ጠየቅሁት። በሦስቱም «ቀደም ብላ ብትደርስ፣ ምናልባት» አለኝ። ይህች ምናልባት ናት ጡረታዬ ድረስ የተከተለችኝ።

የኔታ ከወባው ሳያገግሙ በከዘራ ተደግፈው ክሊኒክ መጡ። ተቀመጡና፣ «ስታዩት ቆሞ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ተነቃንቋል?»

«ተነቃንቋል።»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «የላላውን የማጋድመው ለምን ይመስልሽ ነበር?»

«ለጽዳት» አልኋቸው። እያልኋቸው አፈርሁ።

«ወድቆ ቢያዩት ኖሮ ቆመው ይጠይቁ ነበር» አሉ። «ቆሞ አገኙትና አመኑት።» አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልነገርኋችሁም» አሉኝ።

በሳምንቱ ሐሙሲት ገባሁ። እዚያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አለቆች ተቀያይረዋል፣ መድኃኒቶችም እንዲሁ። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ የሚያውቁት አንድ አመል አለኝ። የሚዋሽ ሚዛን ካየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ። የደም ግፊት መለኪያው ከተበላሸ ጠረጴዛ ላይ አይቆይም፤ ገልብጬ ካርቶን ውስጥ አስተኛዋለሁ። አንዲት አዲስ ነርስ «ነገ ይጠገናል እኮ፣ ሲስተር፣ ምን አስቸኮለዎት?» ብላኝ እንባዬ መጥቶብኝ ከክፍሉ ወጥቻለሁ። ልጅቷ አስቀየምኋት ብላ ሳምንት ሙሉ ስትለማመጠኝ ከረመች።

ወደ ወረታ ከተዛወርሁ በኋላ ዘርፌ ሁለት ልጆች ወለደች። ሁለቱንም ያዋለድኋት እኔ ነኝ። እጄን ይዛ አምጣለች፤ ስማቸውን ምን ልበላቸው ብላ አማክራኛለች። ያን እሑድ ችካሉን ነቅንቄው ነበር ብዬ ግን አልነገርኋትም። መጀመሪያ ቁስሏ እንዳይነካ አልሁ። ኋላ ደስታዋን እንዳላደፈርስባት አልሁ። እውነቱን ለመናገር ዓይኗ እንዳይቀየርብኝ ነው የፈራሁት።

እንግዲህ ጋቢውን ለብሼ ያንን ጥያቄ የጠየቅሁት ለዚህ ኖሯል። በማግሥቱ እሑድ ባጃጅ ይዤ ቁሐር ሚካኤል ወረድሁ። ቅዳሴ ሲያበቃ ሾላው ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ ዳቦው፣ ጠላው፣ በትሩ፣ ሎሚው፣ ሁሉም አለ። የኔታ ካረፉ ቆይተዋል። በእርሳቸው ቦታ ከዘራ ይዛ የተቀመጠችው ዘርፌ ናት። ሴት ቃሬዛ አይሸከምም ሲሏት፣ «መች ልሸከም አልሁ? እነቀንቃለሁ» ብላ ነው አሉ የገባችው።

ወደ ውሃው ገባን። የዘርፌ ፀጉር ከሻሿ ሥር ሸብቷል፤ አረማመዷ ግን የየኔታ ነው። ላሞቹን አየች፤ ሦስት ሰው ጠየቀች። ሌሎቹ ቀደም ሲሉ ከጎኗ ሆንሁና፣ «ዘርፌ፣ ያኔ…» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት፤ እጄ ችካሉ ላይ እንደነበረ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ እንደቸኮልሁ፣ ሁለቱን ልጆቿን እያዋለድሁ ዝም እንዳልሁ። መንገዱን እያየች ሰማችኝ።

«አሥራ ሁለቱም መጥተው ነግረውኛል» አለችኝ። «አንዳንዱ በዓመቱ፣ አንዳንዱ በአምስት ዓመቱ። ታደገ በዚያው ሳምንት ነው የነገረኝ። የኔታም መጥተዋል፤ እሳቸው እንኳ አልነበሩም፤ ምክንያቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ ብለው እቤቴ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እርስዎ ነበሩ የቀሩት።»

ውሃው ውስጥ ቆምሁ። «ታውቂ ነበር?»

«ከኋላ ኋላ ይሄዱ እንደነበር ማን የማያውቅ አለ፣ ሲስተር? ሲያዋልዱኝ ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ።»

«ምን አልሻቸው ሲነግሩሽ?»

«ምን እላለሁ? እሑድ እሑድ ኑ አልኋቸው።» ፊቷን ወደ ሰዎቹ መለሰች። «ያረፉትም እስኪያርፉ መጥተዋል። አሁን ልጆቻቸው ይመጣሉ። አምቡላንሱ ጠጠሩ ድረስ ነው፤ ከጠጠሩ ወዲህ ያለው ውሃ ያው ውሃ ነው። የሚሸከሙት ቢያጡም ይመጣሉ።»

መልሴን አገኘሁ። ስንት ዓመት ሰው በሰው ስጠይቅበት የኖርሁት፣ እኔው ሄጄ ባልነግራት ኖሮ የማላገኘው መልስ ነበር።

ጥቂት ሄደን አንድ ችካል ጋ ደረስን። ዘርፌ አልነካችውም፤ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ያዝሁና ነቀነቅሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ላልቷል። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ነቀልሁት፤ ጭቃው እስከ ክርኔ ቀባኝ። ሣሩ ላይ አጋደምሁት።

«ሰኞስ?» አለችኝ።

«ሰኞም እመጣለሁ» አልኋት።